ጧሪና ቀባሪ፦ አረጋውያንን መንከባከብ ትምህርት ያሻዋልን?



በአገራችን ሽማግሎች ሲመርቁ ከአፋቸው ከማይታጡት ቃላት አንዱ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ነው። በዚህ አጭር ምርቃት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ተጣምረው ይገኛሉ። ጧሪ ማለት በእርጅና ዘመን የሚያበላ፣ የሚያጠጣ፣ የሚያለብስ፣ የሚያነሣና የሚያስተኛ ነው። ቀባሪ ማለት ደግሞ የዚህ ዓለም ጉዞ ሲፈጸም በክብር ወደ መቃብር የሚሸኝ ነው። አበው ሁለቱን በዚህ ቅደም ተከተል ያስቀመጧቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም፤ መጦር ይቀድማል፣ መቅበር ይከተላል።

ዛሬ ግን በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በበደሌም ሆነ በያዮና በሁሩሙ ያለውን አኗኗራችንን ብንመረምር፣ ሁለተኛውን ሥራ በሚገባ አደራጅተን የመጀመሪያውን ለየቤቱ ጓዳ እንደተውነው እንገነዘባለን። ለቀብር ዕድር አለን። ዕድሩ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት አለው፤ የቀረ አባል ይቀጣል። ጥሪው በተሰማ ጊዜ የኢሉባቦር ዝናብና ጭቃ ሳይበግረው መንደሩ በሙሉ ይወጣል። ይህ የሚያስመሰግን ሥርዓት ነው። ነገር ግን ያው ሰው ከመሞቱ በፊት ሁለትና ሦስት ዓመት በአልጋ ላይ ሲውል ጉዳዩን የሚከታተልለት ዳኛም ጸሐፊም የለውም። ማን እንዳገላበጠው፣ ማን ውሃ እንዳጠጣው፣ ሕመሙስ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ሥርዓት አላበጀንለትም።

በሌሎች አገሮች ነርሶች የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከጨረሱና በሥራ ላይ ጥቂት ከቆዩ በኋላ፣ በአረጋውያን እንክብካቤ ላይ ብቻ ያተኮረ ከፍተኛ ትምህርት ይከታተላሉ። በእኛም አገር ነርሶች በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ በአዋቂዎች ጤና፣ በሕፃናት ጤናና በድንገተኛ ሕክምና እየሠለጠኑ ይገኛሉ። ታዲያ አንዲት ከመቱ ወይም ከጎሬ የተነሣች ነርስ አረጋውያንን ብቻ ለማገልገል ሁለት ዓመት ትማር ዘንድ ተገቢ ነውን? ይህ ሐሳብ በተነሣ ቁጥር ሦስት ተቃውሞዎች ይቀርባሉ። ሦስቱም ከቅን ልብ የሚመነጩ ስለሆኑ በጥሞና ልንመልስላቸው ይገባል።

1. ፍቅር ብቻውን ይበቃልን?

የመጀመሪያው ተቃውሞ «እናትን ለመጦር ዲግሪ ምን ያደርጋል? ወላጅን መውደድ ከጡት ጋር የሚጠባ ነገር ነው» የሚል ነው። በእርግጥ ፍቅር የሌለበት ዕውቀት ቀዝቃዛ እጅ ነው። ነገር ግን እዚህ የተነሣው ጥያቄ ፍቅር ያለው ሰው የሚወደውን በትክክል ለመርዳት ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ ወይስ የለም የሚል ነው።

እስቲ በየቤታችን የሚሆነውን እንመልከት። አንዲት ልጅ አባቷ እንዳይደክሙ ብላ ቀኑን ሙሉ ታስተኛቸዋለች። ይህን የምታደርገው ከፍቅር ነው። ዳሩ ግን አረጋዊ ሰው በተኛ መጠን ጡንቻው ይልማል፣ ወገቡና ተረከዙም ፍራሹን በሚነካበት ቦታ ደም አጥቶ ይቆስላል። ይህ የመኝታ ቁስል በጥቂት ሰዓታት ሊጀምር ሲችል ለመዳን ግን ወራት ይፈጃል። ሌላይቱ ሌሊት መኝታው እንዳይርስ ብላ ከማታ ጀምሮ ውሃ ትከለክላለች። በዕድሜ የገፋ ሰው የጥም ስሜቱ ስለሚቀንስ ራሱ ውሃ አይጠይቅም፤ በዚህም የተነሣ ሰውነቱ ይደርቃል፣ አእምሮውም ይዘበራረቃል። ሦስተኛይቱ እናቷን በጀርባቸው እንደተኙ ታጎርሳቸዋለች፤ ጉርሻውም በጉሮሮ ፈንታ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ከሦስቱ ልጆች አንዲቱም ፍቅር አልጎደላትም። የጎደላት የሚያስተምራት ሰው ነው።

ከዚህም የከፋ አንድ ቃል አለን፤ ይኸውም «እርጅና ነው» የምንለው ነው። አያት ድንገት ሲቀባዥሩ «እርጅና ነው» እንላለን። ነገር ግን ቀስ በቀስ በዓመታት ከሚመጣው የመርሳት ሕመም በተለየ፣ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ የመጣ መቀባዠር ብዙውን ጊዜ የሚድን በሽታ ምልክት ነው። በአረጋውያን ላይ የሳንባ ምች ያለ ትኩሳትና ያለ ብርቱ ሳል ሊመጣ ይችላል፤ ምልክቱ መቀባዠርና ምግብ መተው ብቻ ሊሆን ይችላል። ኩላሊት በዕድሜ ሲደክም ለጎልማሳ የሚስማማው የመድኃኒት መጠን ለአረጋዊው መርዝ እስከ መሆን ይደርሳል። ዓይን የጋረደው ሞራ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል። ዝም ብለው ግድግዳ የሚያዩት አሮጊት ባላቸውን ከቀበሩ ወዲህ በኀዘን የታመሙ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ሁሉ «እርጅና ነው» በሚል አንድ ቃል በር ዘግተንበት እንሄዳለን። እርጅና የሆነውንና ያልሆነውን ለይቶ ማወቅ እንግዲህ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው።

የዚህ ትምህርት ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1935 ማርጆሪ ዋረን የተባሉ እንግሊዛዊት ሐኪም በለንደን አቅራቢያ በሚገኝ ሆስፒታል ተስፋ የላቸውም ተብለው በአልጋ ላይ የተተዉ ብዙ ሽማግሎችን እንዲያክሙ ኀላፊነት ተሰጣቸው። አንድ በአንድ ሲመረምሯቸው ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሊነሡ፣ ሊራመዱና ወደ ቤታቸው ሊመለሱ የሚችሉ ሆነው ተገኙ። እርጅና ተብሎ ይታመን የነበረው ብዙው ነገር በእውነቱ ቸልታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ ዶሪን ኖርተን የተባሉ ነርስ ከባልደረቦቻቸው ጋር በአረጋውያን ነርሲንግ ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ፤ የመኝታ ቁስል ሊያገኘው የሚችለው በሽተኛ ማን እንደሆነ አስቀድሞ የሚለይ መመዘኛም አወጡ። መመዘኛው የሰውነትን አቋም፣ የአእምሮን ንቃት፣ መራመድን፣ መንቀሳቀስንና ሽንትን መቆጣጠርን የሚጠይቅ ሲሆን ውድ መሣሪያ አይፈልግም። የተማረ ዓይንና የሚያስብ ልብ ይበቁታል። አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ሲሉ ለካህኑና ለዳኛው ብቻ የተናገሩት አይደለም፤ አልጋ አጠገብ ለሚቆመውም ይሠራል።

2. ድሃ አገር ለማን ቅድሚያ ይስጥ?

ሁለተኛው ተቃውሞ የፍትሕ ጥያቄ ነው። ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ጭቃ አቋርጣ በምትመጣበት አገር፣ ሕፃናት በሚታከም በሽታ በሚሞቱበት ዘመን፣ ዕድሜ ለጠገቡ ሰዎች ልዩ ነርስ ማሠልጠን ቅንጦት አይሆንምን? ይህን ጥያቄ የሚያቀርቡ ሰዎች አረጋውያንን የሚጠሉ አይደሉም፤ ገንዘብ አነስተኛ መሆኑን የሚያውቁ ናቸው እንጂ።

መልሳችንም ከእናትየዋ ተነጥቆ ለአያትየዋ ይሰጥ የሚል አይደለም። እንጀራ ባነሰበት ቤት አስተዋይ እናት የሁሉንም ድርሻ ታሳንሳለች፤ ከቤተሰቡ አንዱን ግን «አንተ ዛሬ የለህበትም» ብላ ከገበታ አታስነሣም። አረጋውያን እስከ ዛሬ በጤና አገልግሎታችን ገበታ ላይ ጎልቶ የሚታይ ድርሻ አልነበራቸውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይደነግጋል። ከ1998 እስከ 2007 ዓ.ም. የሚቆይ ስለ አረጋውያን የተዘጋጀ ብሔራዊ የድርጊት መርሐ ግብርም ነበር። ስለዚህ ግዴታው በወረቀት ላይ ታውቋል። በየሆስፒታሉ ግዴታውን ተሸክሞ የሚቆም የሠለጠነ ሰው ግን ገና ያስፈልገናል።

ደግሞም ቁጥሩን እንመልከት። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት ከመቶ አምስት ገደማ ነበሩ። ይህ አነስተኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ከመቶው አምስቱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነፍሳት ናቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያዊ ሲወለድ ይኖራል ተብሎ የሚጠበቀው አማካይ ዕድሜ ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ ወደ 65 ዓመት ገደማ ደርሷል። ይህም የሆነው በክትባት፣ በንጹሕ ውሃና በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድካም ሕፃናትን ከሞት ስላተረፍን ነው። ያተረፍናቸው ሕፃናት ነገ ያረጃሉ። ልጅን ከሞት አድኖ ሽማግሌ ሲሆን መተው ሥራን በእኩሌታው ማቆም ነው። በዓለምም ቢሆን 60 ዓመት የሞላቸው ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ቢሊዮን መድረሳቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል።

ልዩ ትምህርት የተማረች አንዲት ነርስ ሁሉንም አረጋውያን በራሷ እጅ ታጥባለች ብሎ የሚጠብቅ የለም። የእርሷ ሥራ እንደ እርሾ ነው። በመቱ ካርል ሆስፒታል የምትሠራ አንዲት እንዲህ ያለች ነርስ የሥራ ባልደረቦቿን ታስተምራለች፤ በመቱ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወጣቶች ከእርሷ ጋር በሽተኛ አልጋ አጠገብ ይቆማሉ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከእርሷ የተማሩትን ወደ አሌና ወደ ዲዱ፣ ወደ ቡሬና ወደ ኖጳ ቀበሌዎች ይወስዳሉ። በመጨረሻም ዕውቀቱ አባቷን በምታገላብጠው በዚያች ልጅ እጅ ይደርሳል። ለአንዲት ሰው የወጣው ገንዘብ እንዲህ ይባዛል።

በአገራችን የነርስነት ታሪክ ውስጥም ለዚህ አብነት አለን። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነትን ተምራ እ.ኤ.አ. በ1939 ተመረቀች። የንጉሥ ልጅ የበሽተኛ ልብስ ልታጥብ ትማራለችን? ብሎ የተገረመ ሰው በዚያ ዘመን አልጠፋ ይሆናል። እርሷ ግን ሕሙማንን ማገልገል በትምህርት የሚያዝ ክቡር ሙያ መሆኑን በሕይወቷ አሳየች። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ከእኛ በደዴሳ ማዶ በምትገኘው በነቀምቴ ሳለች ገና በ22 ዓመቷ ዐረፈች፤ በስሟም በአዲስ አበባ ሆስፒታልና የነርሶች ትምህርት ቤት ቆመ። ዛሬ ነርስን ሁሉ «ሲስተር» ብለን በአክብሮት የምንጠራበት ማዕርግ እንዲህ ባሉ ሰዎች ድካም የተገኘ ነው።

3. የሠለጠነ እጅ የልጅን ግዴታ ይተካልን?

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የጠለቀ ነው። «በደመወዝ የሚጦር ባለሙያ ሲበዛ ልጆች እጃቸውን ያነሣሉ፤ ገንዘብ ከፍለው ይተኛሉ» ይባላል። ይህ ፍርሃት መሠረት አለው። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የወቀሳቸው ሰዎች ወላጆቻቸውን ሊረዱበት የሚገባውን ገንዘብ «ቁርባን ነው» በማለት ከግዴታቸው የሚያመልጡ ነበሩ። እግዚአብሔርን እንኳ ከወላጅ መሸሻ አድርገውት ነበር። በእግዚአብሔር ስም መሸሽ ከተቻለ በሐዋላ መሸሽ ምንኛ ይቀልል!

ይሁን እንጂ በሩቅ ያሉትን ልጆች በጅምላ አንኰንን። ብዙ እኅቶቻችን በቤሩትና በሌሎች የዓረብ አገር ከተሞች የሰው እናት ሲያነሡና ሲያስተኙ ይውላሉ፤ የገዛ እናታቸው ደግሞ በኢሉባቦር ገጠር ብቻቸውን ያድራሉ። የሚልኩት ገንዘብ ጣሪያ ይከድናል፣ ጤፍና ቡና ይገዛል። ይህ ጭካኔ አይደለም፤ ድህነት የሠራው መለያየት ነው። እዚህ ያለን እኛ ልንጠይቅ የሚገባን ያ ገንዘብ ሊገዛ የማይችለውን ነገር ለእናትየዋ ማን ይሰጣቸዋል የሚለውን ነው።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 19 የተጻፈውን እናስታውስ። ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር ዐደራ ሰጠ፤ ያም ደቀ መዝሙር ወደ ቤቱ ወሰዳት። ከዚህ እንደምንረዳው ወላጅን ለሌላ ሰው እጅ ዐደራ መስጠት በራሱ መተው አይደለም። ነገር ግን ዐደራው ሦስት ነገር ነበረው። ሰጪው ራሱ ሊያደርገው የማይችልበት ሰዓት ነበር፤ ተቀባዩ የታመነና የሚያውቃት ሰው ነበር፤ ዐደራውም በሥቃይ መካከል እንኳ ከራሱ አፍ የወጣ ቃል ነበር። በእነዚህ ሦስቱ ብንመዝን ዐደራን ከሽሽት መለየት አያስቸግረንም። ሊያደርግ እየቻለ የማያደርግ፣ ለማን እንደሰጠ የማያውቅ፣ ከሰጠም በኋላ የማይጠይቅ ሰው ዐደራ አልሰጠም፤ ጥሏል።

ቁስልን ማጠብ በሌላ ሰው እጅ ይሆናል፤ ልጅነት ግን ውክልና የለውም። አጠገብ ተቀምጦ የድሮውን ታሪክ ለአሥረኛ ጊዜ መስማት፣ ይቅርታ መጠየቅ፣ ምርቃት መቀበል፣ እነዚህ የልጅ ናቸው። በሚገባ የተማረች ነርስ ይህን ታውቃለች። ስለዚህ ልጁን ከአልጋው አታርቅም፤ ታቀርበዋለች፤ እንዴት እንደሚያነሣ፣ እንዴት እንደሚያጎርስ፣ የሚረሳ ወላጅ ሲቆጣ እንዴት እንደሚመልስ ታሳየዋለች። ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሸሹት ከጥላቻ የተነሣ ሳይሆን ምን ማድረግ እንዳለባቸው ስለማያውቁ ነው። ዕውቀት ፍርሃትን ሲያስወግድ ልጅ ወደ ወላጁ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ስለ ሴቶች ልጆች አንድ ቃል ልንጨምር ይገባል። «ልጅ ይጡር» ስንል በተግባር «ሴት ልጅ ወይም ምራት ትጡር» ማለታችን ነው። ትምህርቷን አቋርጣ፣ ትዳሯን አዘግይታ፣ በሌሊት አምስት ጊዜ ተነሥታ የምትጦረውን ልጅ «ትመረቂያለሽ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ወንድሞቿ ተራ ሊይዙ፣ ጎረቤት ሊያሳርፋት፣ የተማረ ሰው ሸክሙን ሊያቀልላት ይገባል። የአንዱ ክብር በሌላው ሕይወት መቃጠል የሚገዛ ከሆነ ፍትሕ የለበትም።

4. ልጅ የሌላቸውስ?

ከላይ የተናገርነው ሁሉ ልጅ ላላቸው ነው። በአውራጃችን ግን ዘመድ በሩቅ የቀረባቸው ብዙዎች አሉ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎና ከሌሎች ቦታዎች ተነሥተው ወደ ምዕራብ ከሰፈሩት 600,000 ያህል ሰዎች መካከል ወደ ኢሉባቦር የመጡ ነበሩ። ያን ጊዜ የ30 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ዛሬ ሰባን ተሻግሯል። የተወለደበት ደብር ሩቅ ነው፤ የአጎቱና የአክስቱ ልጆች በስም ብቻ ይታወቃሉ። ለእንዲህ ያለው ሰው ጧሪው ማን ነው?

ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ጥያቄ ስትመልስ ቆይታለች። እ.ኤ.አ. በ1839 ዣን ዡጋን የተባለች ፈረንሳዊት የቤት ሠራተኛ አንዲት ዓይነ ስውርና ሽባ መበለት ወደ ቤቷ አምጥታ በራሷ አልጋ ላይ አስተኛቻት፤ ከዚያም አረጋውያን ድሆችን የሚያገለግል የደናግል ማኅበር ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ2009 ቅድስናዋ ታወጀ። የእማሆይ ትሬዛ እኅቶችም ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን በዚሁ አገልግሎት ይደክማሉ። በአዲስ አበባ ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ደግሞ የአገራችን ሰው በራሱ ተነሣሥቶ ምን ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቤት የርኅራኄ ብቻ ሳይሆን የሙያም ጥማት አለበት፤ ብዙ አረጋውያን በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሰበሰቡ የሠለጠነ ነርስ አለመኖር ርኅራኄውን ራሱን ያደክመዋል።

5. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ራሳቸው በ79 ዓመታቸው ለአረጋውያን በጻፉት የ1999 እ.ኤ.አ. መልእክት አረጋውያንን ማክበር ሦስት ነገሮችን እንደሚይዝ አስተምረዋል፤ እነርሱም መቀበል፣ መርዳትና ጸጋቸውን በሥራ ላይ ማዋል ናቸው። እነዚህን ሦስቱን ወደ ቁምስናዎቻችን ኑሮ እንተርጉማቸው።

መቀበልን በሚመለከት፣ እያንዳንዱ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር በመንደሩ ከቤት የማይወጡ አረጋውያንን ስም ይመዝግብ፤ ካቶሊክ ይሁኑ አይሁኑ አይለይ። በወር አንድ ጊዜ ሲጎበኝም አራት ነገሮችን ይጠይቅ፦ ዛሬ ምን ጠጡ? ወገብዎና ተረከዝዎ ላይ ቁስል አለ? ከተነሡ ስንት ቀን ሆነ? ከባለፈው ሳምንት ወዲህ ሐሳብዎ ወይም ንግግርዎ ተለውጧል? ከአራቱ በአንዱ ችግር ካገኘ «እርጅና ነው» ብሎ አይለፍ፤ ለጤና ጣቢያ ይንገር። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይባላልና።

መርዳትን በሚመለከት፣ የየዕድሩ አባላት ለቀብር ከሚያዋጡት ላይ ጥቂቱን ለሕያዋን ይለዩ ብለን እናሳስባለን። ድንኳን መግዣው ጥቂት ቢዘገይ ሟች አይቀየምም፤ የአልጋ ቁራኛ የሆነ ጎረቤት ግን ለስላሳ ፍራሽ ዛሬ ይፈልጋል። ቁምስናዎችም ተባብረው በዚህ ሙያ ለመማር የምትወድ አንዲት ነርስ ቢያግዙ የሚቻል ነገር ነው። ከተማረች በኋላ ተመልሳ እንድታገለግል ቃል ትግባ፤ እኛም በበኩላችን ቤት፣ ተገቢ ደመወዝና አክብሮት እንድታገኝ እንትጋ። መኖሪያ ሳያዘጋጁላት «ለምን ሄደች?» ማለት አግባብ አይደለም።

ጸጋቸውን በሥራ ላይ ማዋልን በሚመለከት ደግሞ የአካባቢያችን ባህል ራሱ መምህራችን ነው። በኦሮሞ ወግ ጃርሳ ሳይመርቅ ጉባኤ አይጀመርም። አልጋ የያዙትም ጃርሳ ናቸው። የቁርባን ልጆች፣ አዲስ ተጋቢዎች፣ ለትምህርት ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ወጣቶች ከመነሣታቸው በፊት ወደ እነርሱ ገብተው ይመረቁ። የሚመርቅ ሰው ሸክም ብቻ ሆኖ አይቈጠርም፤ በመንደሩ ውስጥ ገና ሥራ አለው።

እንግዲህ በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ የሒሳብ ሪፖርት ከተነበበ በኋላ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «ቀባሪ እንዳለን ታውቋል፤ በዚህ ወር ጧሪ ያጣ ማን አለ?» ብሎ ይጠይቅ። ጸሐፊውም መልሱን በመዝገብ ይጻፍ።